በካርታ ላይ የማይደርቅ ውኃ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አዳራሽ ሰብስበው የመንዝ ባና አለበሱኝ። ባናው ደህና ነው፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ከበግ ፀጉር በደንብ የተሸመነ። በእሱ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት በንግግሩ ነው። ከዞን የመጣ ሰው ማይኩን ይዞ «ወይዘሮ አስካለ የወረዳችንን የልማት መረጃ ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ያሻገሩ፣ አንድም ቀይ ነጥብ የሌለበት ካርታ ያስረከቡን እናት ናቸው» አለ። ተጨበጨበ። ባናውን ከትከሻዬ አውርጄ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣልኩት።

«ብርድ አይደለም እንዴ እናታችን?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው።

ብርዱስ ነበር። እኔ ግን ነድጄ ነበር።

አንድም ቀይ ነጥብ የሌለበት ካርታ እኔ አላስረከብኩም። ቀዩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፉት እነሱ ናቸው። ይህንኑ ልናገር ብድግ ስል መድረክ መሪው ሙዚቃ አስከፈተ። በዚያን ቀን ያልተናገርኩትን ነው እዚህ የምናገረው።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው። በስታቲስቲክስ ዲፕሎማ ይዤ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ ሞላሌ ስለሆነ ብርድ እንጂ ሙቀት አላውቅም፤ አውቶቡሱ የጀማን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ላይ የተተከለውን የሹፌሩን እግር እያየሁ የማውቃቸውን ጸሎቶች ሁሉ ጨረስኩ። ዓለም ከተማ ስደርስ የተቀበሉኝ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በቆጠራ ሥራ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ፊታቸው በፀሐይ የከሰለ ሰው ነበሩ። ሦስተኛ መንግሥታቸውን ማገልገላቸው ነበር። «መንግሥት ይለዋወጣል፤ የሚቆጠረው ሰው ግን ያው ነው» ይሉ ነበር።

ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ኮሌጅ ያስተማረኝ ሒሳብ ነው፤ ሥራው ሌላ ነው። ለምሳሌ ገበሬን «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገባህ?» ብዬ ስጠይቅ ሰምተው ከገበሬው እስክንለይ ጠበቁና መንገድ ላይ ተቆጡኝ።

«ለምን እንደዚያ ትጠይቂዋለሽ? ግብር ሊጭኑብኝ ነው ካለ ያሳንስልሻል። እርዳታ ሊሰጡኝ ነው ካለ ደግሞ ጨርሶ ባዶ ጎተራ ነው የሚያሳይሽ። መጀመሪያ በሬዎቹን አመስግኚለት። ከዚያ የጭዱን ክምር እዪ። አምና አውድማው ላይ ስንት ቀን ዋላችሁ፣ ዘንድሮስ በዪው። ያኔ ራሱ ሳያውቀው ይነግርሻል።»

ከሊቀመንበር ቤት ተቀምጠው አንድም ቁጥር አይጽፉም ነበር። ጠላውን ይጠጣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት ይሄዳሉ። ሴት ውኃ ስትቀዳ አትዋሽም ይሉ ነበር፤ ጊዜ የላትማ። ምንጭ ወይም ቧንቧ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ደግሞ ከኮሮጇቸው የቆርቆሮ ጣሳ አውጥተው ይጠጣሉ። እኔም እንድጠጣ ያደርጉኛል። አንድ ጊዜ በዚህ ልማዳቸው ታመው ሆዳቸውን ይዘው ከረሙ። ሲሻላቸው መጀመሪያ የሠሩት ነገር ስለዚያ ምንጭ «ንጹሕ» ብለው የጻፉትን ሰርዘው ማረም ነበር።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ስለ ባዶ ቦታ ያሉኝን ነው። አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ዘግቶብን አንዲት ቀበሌ ሳንደርስ ቀረን። ከጎረቤቷ ቀበሌ ቁጥር ገምቼ ልሞላ ስል እጄን ያዙኝ።

«ያልደረስሽበትን ባዶ ተዪው።»

«አለቃ ይቆጣል እኮ ጋሼ!»

«ይቆጣ! ባዶውን ያየ አለቃ አንድ ቀን ሰው ይልካል። የተሞላውን ያየ ግን ጉዳዩ ያለቀ መስሎት ይተኛል።»

ስለ ደሞዙ ብዙ አላወራም፤ ትንሽ ነበር፣ አበሉም ዘግይቶ ነበር የሚመጣው። ከመርሐቤቴ ወደ ግሼ፣ ከግሼ ከመንዝ ወረዳዎች ወደ አንዱ ተዛወርኩ። የወረዳውን ስም አልጽፍም፤ እዚያ እስካሁን ተቀምጠው እንጀራ የሚበሉ ንጹሐን አሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ ወጥተው ጥቂት ቆይተው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜአለሁ።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው ሲስተሙ የመጣልን። «ሲስተሙ» ነበር የምንለው፤ ሌላ ስም ቢኖረውም ማንም አይጠራበትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ወረዳ ያሉትን የውኃ ተቋማት፣ ጤና ኬላዎች፣ ትምህርት ቤቶችና መንገዶች በኢንተርኔት ያስገባል። ዞንም፣ ክልልም፣ አዲስ አበባም ያለ ሰው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት ካርታ ይመጣለታል። የሚሠራው አረንጓዴ ነጥብ፣ የማይሠራው ቀይ ነጥብ ነው። በጀት ሲደለደል፣ ዕቅድ ሲወጣ፣ ችግር ሲመጣ እርዳታ ሲላክ፣ ካርታው ታይቶ ነው ተባልን። ደብረ ብርሃን ወርደን ሠለጠንን።

ኮምፒዩተር የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሲስተሙን ወደድኩት፤ እንዲያውም ከወጣቶቹ ይልቅ እኔ ነበርኩ የወደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የሰበሰብኩት ቁጥር መደርደሪያ ላይ ሲሻግት አይቻለሁ። አሁን ግን መኪና የማይገባበት ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ፣ የቦታውን ልክ የሚወስደውን መሣሪያ ሰማይ ወደሚታይበት ዘርግቼ፣ ሳተላይቱን እስኪያገኝ እየጠበቅኩ፣ «ይኼኔ አዲስ አበባ ያለ ሚኒስትር ይህችን መንደር ያያታል» እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ኔትወርኩ ያስለቅሳል። ገጹን ሞልተሽ ልትጨርሺ ስትይ መብራት ይጠፋል፣ የሞላሽው ሁሉ ይጠፋል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ቢሆንም እጀምረው ነበር።

ደግሞም ሠርቶ አይቼዋለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያውን ዐውሎ ነፋስ ገሽልጦት ልጆቹ ሜዳ ላይ ይማሩ ነበር። በአካል ሄጄ አየሁ፣ ፎቶ አነሣሁ፣ ቀይ አድርጌ አስገባሁ። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮ ጭኖ መኪና መጣ። ርእሰ መምህሩ ስልክ ደወለና፣

«እትዬ አስካለ፣ ስንት ጊዜ አመልክተን ያልተሰማን ሰዎች ማን ነገረልን?» አለኝ።

«ቀይዋ ነጥብ ናት የነገረችላችሁ» አልኩት።

ያን ቀን ጋሽ ወንድይፍራው በሕይወት ኖረው ባዩ ብዬ አለቀስኩ። እንግዲህ የኋላው ንዴቴ ለምን እንደበረታ የሚገባችሁ ይህን ካወቃችሁ ነው። የማይሠራ ዕቃ ቢሆን ኖሮ አልናደድም ነበር። የሚሠራውን ነው ያበላሹት።

ያበላሹት በውድድር ነው። ዞኑ ወረዳዎችን በካርታቸው እየመዘነ ደረጃ ማውጣት ጀመረ። አረንጓዴ የበዛለት ወረዳ ዋንጫ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ሞተር ሳይክል፣ ለኃላፊው ምስጋና። ቀይ የበዛበት ወረዳ ኃላፊ ደግሞ ግምገማ ላይ ተነሥቶ ይወቀጣል። ቀይ ነጥብ የሕዝብ ችግር መሆኑ ቀረና የኃላፊ ነውር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማን ቀይ ይወዳል?

የእኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በዚህ ጊዜ የመጣ አቶ ደረጀ የሚባል ወጣት ነው። ትሑት ነበር፤ ይህን አልክድም። ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። ስብሰባ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። «የልማት ሠራዊት»፣ «የአመለካከት ችግር»፣ «ጠባቂነት» የሚሉ ቃላት ከአፉ ሲወጡ እንደ ተጠና ዳዊት ነው። እሱ እንደመጣ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ሲስተሙ ባዶ ቦታ አልቀበልም ማለት ጀመረ። ያልደረስንበትን ቀበሌ ባዶ አድርገን ማለፍ ቀረ፤ አንድ ነገር ካልሞላንበት ገጹ አይላክም። እሱ ደግሞ «አማካይ ሙሉበት» ይላል። ሁለተኛ፣ ሰብስቦን «የሚሠራ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አዲስ ትርጉም ሰጠን።

«ተቋሙ በቦታው አለ ወይስ የለም? አለ። ካለ ደግሞ ሽፋን አለ። ሽፋን ካለ አረንጓዴ ነው» አለ።

«ውኃ ባይኖረውስ?» አልኩ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። እኛ የምንመዘግበው ተቋም ነው።»

ሰዎች አቀርቅረው ይጽፉ ነበር። እኔ አልጻፍኩም።

ሳር አምባ የተባለችውን ቀበሌ ያየሁት ከዚህ ስብሰባ በኋላ ነው። ከደጋው ጫፍ፣ ምድር ተቆርጦ ወደ ቆላው የሚወርድበት ላይ የተቀመጠች ናት። ገብስና በግ ነው ኑሮው። በመንደሩ መካከል አንድ ድርጅት በአንድ ወቅት የተከለው የእጅ ፓምፕ አለ፤ ካርታው ላይ ቀለሙ አረንጓዴ ነበር። ደርሼ እጀታውን ስገፋው ጮኸ እንጂ ጠብታ አልወጣም። አንዲት ጠና ያሉ ሴት በግ ፀጉር እየፈተሉ ከአጥር ጥግ ያዩኝ ነበር።

«ተይው ልጄ፣ እጅሽን ነው የምታደክሚው» አሉኝ። «ውስጡ ያለው ጎማ አልቆ ከተወን ቆየ። አንቺ ደግሞ ስንተኛዋ ጸሐፊ ነሽ?»

እትዬ ዘነቡ ይባላሉ። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ፤ ኮሚቴው ከፓምፑ ጋር ሞቶ ማዕረጉ ብቻ ቀርቶላቸዋል። «እስኪ የምትቀዱበትን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ምራታቸውን ወርቄን ጠሩ። ወርቄ ሕፃን አዝላ፣ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ እየሳቀች መጣች። ገደሉን ወረድን። እሷ ከነጀሪካኗና ከነልጇ እንደ ፍየል ትረግጣለች፤ እኔ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ነው የወረድኩት። ከታች ያለው ምንጭ ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ነው፤ ከብት ይጠጣበታል፣ ጭላዳ ይጠጣበታል። ጣሳዬን አውጥቼ ጠጣሁ። ወርቄ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

«ኧረ እትዬ፣ የከተማ ሰው ሆነሽ ይኸን ትጠጫለሽ?»

«እናንተ የምትጠጡትን ነዋ።»

«እኛማ ምን ምርጫ አለን?» አለች። ከዚያ ስንወጣ ጀሪካኑን እኔ እንድይዝላት ብለምናት እንቢ አለችኝ፤ እንግዳ ነሽ አለችኝ።

ቢሮ እንደገባሁ ሳር አምባን ቀይ አደረግኳት። «ፓምፑ የተበላሸ፤ ሕዝቡ ከከብት ጋር ካልተጠበቀ ምንጭ ይጠጣል» ብዬ ማብራሪያ ጨመርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ስከፍተው አረንጓዴ ሆናለች። ማብራሪያው የለም። በእኔ የይለፍ ቃል የገባውን ከእኔ ሌላ በኃላፊው የይለፍ ቃል ብቻ ነው መለወጥ የሚቻለው። መልሼ ቀይ አደረግኩ። መልሶ አረንጓዴ ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ልገባ ስል የይለፍ ቃሌ አልከፍት አለኝ። አቶ ደረጀ ቢሮ ገባሁ።

«ሳር አምባ ውኃ የለም» አልኩት። «እኔ ራሴ ወርጄ ጠጥቼ ነው የመጣሁት።»

በሩን ዘጋ። «እትዬ አስካለ» አለኝ፤ ለብቻችን ስንሆን እትዬ ይለኛል፤ «እኔንም ተረጂኝ። ከአንድ ወር በኋላ የዞን ምዘና አለ። አንዲት ነጥብ ናት የምትለየን። አሁን አረንጓዴ ትሁን፤ በጀት ሲመጣ እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳር አምባን አስጠግናለሁ።»

«በጀቱ የሚመጣው ቀይ ሲሆን እኮ ነው! አረንጓዴ ለሆነ ማን በጀት ይልካል?»

«ሥርዓቱን አንቺ አትለውጪውም» አለና ስልኩን አነሣ።

ወረዳው ያን ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ለስላሳና ዳቦ ታደለ።

በልግ ቀረ። መንዝ ውስጥ በልግ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ገብሱ ይቅርና ሣሩ አይበቅልም፣ ምንጩ ይቀጥናል፣ ሰውና ከብት በአንዲት ጭልፋ ውኃ ላይ ይገፋፋሉ። በዚያ ላይ በሽታው ገባ። ሬዲዮው «አተት» ይለዋል፤ በትልቁ ስሙ መጥራት አይፈቀድም። የያዘውን ሰው ውኃውን ጨምቆ አውጥቶ ከጧት እስከ ማታ ይጥለዋል።

መድኃኒትና ውኃ ተላከ። ይህን መካድ ግፍ ነው፤ ተልኳል። ቦቴዎች ከደብረ ብርሃን መጡ፣ የውኃ ማከሚያ በካርቶን መጣ። የተደለደለው ግን ካርታው ታይቶ ነው። ንጹሕ ውኃ ያለው ቀበሌ ቦቴ አያስፈልገውም ተባለ። ሳር አምባ አረንጓዴ ናት።

ያደረግኩትን ሁሉ ልናገር፤ በከንቱ ቢሆንም። ዞን ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ኮምፒዩተሯን ከፍታ «ሳር አምባ አረንጓዴ ናት እኮ» አለችኝ። «ካርታው ውሸት ነው» አልኳት። «ውሸት ከሆነ ወረዳችሁ ያርመው» አለች። ወረዳችን! አቶ ደረጀ ዘንድ ሮጥኩ፤ ለስብሰባ ወጥቷል አሉኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ቦቴው ሲመጣ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት። ሹፌሩ አሮጌ ኮፍያ ያደረገ፣ የደከመው ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ በዚህ ታጠፍ። ሰው እያለቀ ነው።»

«እናቴ፣ የምወስድበት ተጽፎ ተሰጥቶኛል» አለኝ። «ከዚያ ብወጣ ውኃውን ሸጥክ ብለው ያስሩኛል።» ዐይኔን ማየት አቅቶት ወደ መሪው አቀረቀረ። ሄደ። በሱ አልፈርድም።

በእግሬ ሳር አምባ ስደርስ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ አገኘኋቸው። በባና የተጠቀለለችው ወርቄ ናት። ጉንጯ ገብቷል፣ ዐይኗ ጎድጉዷል፣ አላወቀችኝም። ባሏ ከፊት፣ ወንድሙ ከኋላ፣ እትዬ ዘነቡ ሕፃኑን አዝለው ይከተላሉ። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። እኔም ከጎን ገብቼ ወሳንሳውን ያዝኩ። ዳገቱን እንደወጣን፣ ሜዳው ላይ፣ «ቁሙ» አሉ እትዬ ዘነቡ። ባናውን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ሸፈኗት።

«መልሷት» አሉ። «ከዚህ ወዲያ ለምን ታንገላቷታላችሁ?»

 ልጁ ጀርባቸው ላይ ያለቅሳል። እኔ ሣሩ ላይ ተቀምጬ መሬቱን በእጄ መታሁ። ከእሷ በኋላም ከዚያች መንደር ሌሎች ሞቱ። የወረዳው ሪፖርት ሲወጣ «በሳር አምባ የተከሰተ የለም» ይላል። ንጹሕ ውኃ ባለበት ቀበሌ አተት እንዴት ይከሰታል?

በሽታው ካለፈ በኋላ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሲስተሙን በገንዘብ የደገፉት ሰዎችና የአዲስ አበባ አለቆች ናቸው፤ የእኛ ካርታ ለሌሎች አርአያ ስለሆነ ሊያዩ ነው። ግቢው ተጠረገ፣ ድንጋዩ በኖራ ተቀባ። አቶ ደረጀ ካርታውን ግድግዳ ላይ አብርቶ በእንግሊዝኛ አስረዳ። እንግዶቹ ከካርታው አንዱን ነጥብ በአካል ማየት ፈለጉ። እሱ ከከተማው ጫፍ ያለችውን አዲሷን የሕዝብ ውኃ መቅጃ ቦኖ መርጦ ነበር። መንገድ የማሳየው እኔ ነኝ፤ ቀበሌዎቹን ሁሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለማ። እንግዶቹ ባሉበት መኪና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ አቶ ደረጀ በኋላኛው መኪና ነው።

ቦኖዋ ጋ ስንደርስ «ቀጥል» አልኩት ሹፌሩን። ቀጠለ። የኋላው መኪና ጥሩምባ ነፋ። «አትስማው፣ ቀጥል» አልኩት። ስልኬ ጮኸ፤ ዘጋሁት። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ወይዘሮ ከኋላ ወንበር «ቦታው ሩቅ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ሩቅ ነው» አልኳት። «ካርታው ላይ ግን ቅርብ ናት። አረንጓዴ ናት።»

ሳር አምባ ስንደርስ አቶ ደረጀ ከመኪናው ዘሎ ወረደ፤ ላብ አጥምቆታል። እትዬ ዘነቡ ጥቁር ለብሰው ከቤታቸው ወጡ። ሴትዮዋ ፓምፑን አየችና «ይሠራል?» ስትል ጠየቀቻቸው። እትዬ ዘነቡ ሄደው እጀታውን ያዙና ይገፉ ጀመር። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤ ይጮኻል፣ አይወርድም። አላቆሙም። እንግዶቹ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ ቀጥሎ ማየቱ ከበዳቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን ይዛ አስቆመቻቸው።

«እናቴ፣ ይበቃል።»

«ለእናንተ በቃ?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ለእኛ እንዲህ ነው የከረመው።»

«ትናንትና ነው የተበላሸው» አለ አቶ ደረጀ፣ እዚያው ቆሞ፣ ሰማይና ምድር እያየው። ጥቁር የለበሱት ሴት ፊት ነው ይህን ያለው! ያን ጊዜ ምን እንዳልኩት በጨዋ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ከዚያ ግምገማዬ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሜ ሲነሣ ሲጣል ዋለ፤ «ፀረ ልማት» ተባልኩ፣ «የወረዳችንን ገጽታ ያበላሸች» ተባልኩ፣ የካርታውን ውሸት እንደ እኔ የምታውቅ ባልደረባዬ ሳትቀር ተነሥታ ወቀሰችኝ። ሒሴን ዋጪ አሉኝ። «የምውጠው የለም፤ የሳር አምባን ውኃ ጠጥቼአለሁ፣ እሱ ይበቃኛል» አልኳቸው። ወደ ግሼ መለሱኝ፤ ከኮምፒዩተር ወደ ንብረት ክፍል፣ ወንበርና ጠረጴዛ ወደ መቁጠር። ጡረታዬ ተቃርቦ ወደ ቀድሞው ወረዳ እስኪመልሱኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ። አቶ ደረጀ ዞን ተሾመ። ለምን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም፤ እኔ የማውቀው፣ ሰው ከወረዳ የሚባረረው ወደ ላይ መሆኑን ነው።

ፓምፑ ግን ተጠገነ። እንግዶቹ አገራቸው ሳይገቡ ጥገናው አለቀ፤ አንድ ጎማና የዘንግ ማያያዣ ነበር የጎደለው። ከወራት በኋላ ምርቃት አለ ብለው እትዬ ዘነቡ ሰው ላኩብኝና ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሪባን ታስሯል። አቶ ደረጀ የዞን ሰው ሆኖ መጥቶ ስለ መንግሥት ቁርጠኝነት ተናገረ። ከዚያ ማይኩን ለእትዬ ዘነቡ ሰጡ።

«እናታችን፣ ደስታዎን ይግለጹልን» አሏቸው።

ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ወርቄ የተወችው ሕፃን ቀሚሳቸውን ጨብጦ አጠገባቸው ቆሟል።

«ውኃው ጥሩ ነው» አሉ። «ቀምሼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። የት ከርማችሁ ነው?»

 አንዱ ካድሬ «እልል በሉ!» ብሎ ጮኸ። ማንም እልል አላለም። ማይኩን ወሰዱባቸው።

በሳምንቱ ግሼ ሳለሁ ትዕግሥት ደወለችልኝ። በእኔ ቦታ የተተካች፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ ላስቸግርሽ» አለችኝ። «የሳር አምባን ጥገና ሲስተሙ ላይ ላስገባ ብል እንቢ አለኝ። ‹ተጠገነ› የሚለው ቦታ አይከፈትልኝም። ቀድሞውንም የሚሠራ ነው ይለኛል።»

«ልክ ነው» አልኳት።

«እንዴት ልክ ይሆናል? በሽታውን ልጻፍ ብልም እንደዚሁ፣ የሞቱትን ልጻፍ ብልም እንደዚሁ፤ ውኃው ንጹሕ ስለሆነ ምክንያት የለውም ይለኛል። ምን ላድርግ?»

 በእሷ ላይ መጮኽ አይገባም።

«ምንም አታድርጊ ልጄ» አልኳት። «ያልተበላሸ ነገር እኮ አይጠገንም።»